ቤተ እምነት ከማዘጋጃ ቤት ጋር በመሬት ልማት ሲጋጭ፦ ክርክሩን ከመዝገብ የመጀመር መመሪያ

የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ «ጥያቄያችሁ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ ይዞ ከማዘጋጃ ቤት ሲመለስ፣ ከምእመናኑ መካከል ቀድሞ የሚሰማው ቃል አብዛኛውን ጊዜ «በእምነታችን መጡብን» የሚል ነው። ይህ አንዳንዴ እውነት ነው። በዚያች ሰዓት ግን እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ገና ነው፤ ደብዳቤው ምክንያት አልጻፈም፣ ኮሚቴውም ምክንያቱን በጽሑፍ አልጠየቀም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እዚያ ቦታ ላይ ለቆመ ኮሚቴ ሲሆን፣ የሚለውም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ክርክሩን በመሬት አጠቃቀም ክርክርነቱ ጀምሩት፣ እያንዳንዱን እርምጃ በሰነድ አስደግፉት፣ የእምነት ነፃነትን መከራከሪያ ደግሞ ያ ሰነድ ከተሟላ በኋላ አምጡት። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ኮሚቴ እውነተኛ በደል ደርሶበትም እንኳ ሊረታ ይችላል። በምሳሌነት የሚነሡት ጉዳዮች ከልዩ ልዩ አገሮች የተወሰዱ ናቸው፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተከለከለው ምን እንደሆነ መለየት

«መሬታችንን ከለከሉን» የሚለው አነጋገር ብዙ ዓይነት ጉዳዮችን በአንድ ጆንያ ይከታል። ጥያቄው የይዞታ ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ቦታው የማን ነው፣ ወሰኑስ እስከ የት ይደርሳል የሚለው። ይዞታው ባያከራክርም ቦታው በፕላኑ ላይ ለመኖሪያ ወይም ለእርሻ የተመደበ ስለሆነ፣ ክልከላው የመሬት አጠቃቀም ሊሆን ይችላል። አጠቃቀሙ ቢፈቀድም የሕንፃው ከፍታ፣ ከመንገድ ያለው ርቀት ወይም የመኪና ማቆሚያው ብዛት ደንቡን ያላሟላ ሊሆን ይችላል። አለዚያም ለትምህርት ቤት ወይም ለመኖሪያ የተፈቀደ ሕንፃ ለአምልኮ ሲውል የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ አልተጠየቀም ይባል ይሆናል። እያንዳንዱ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ፣ የሚጠይቀው ማስረጃና የይግባኝ ጊዜው የተለያየ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሥራ ሕግ አዋቂና የፕላን ባለሙያ አንድ ላይ ተቀምጠው ደብዳቤው ከእነዚህ ውስጥ በየትኛው ላይ እንደቆመ እንዲነግሯችሁ ማድረግ ነው።

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በቦርኒ ከተማ የሚገኝ አንድ የካቶሊክ ደብር ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳየናል። በ1923 የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑን አልይዝ ስላለ ማስፋፊያ ተጠየቀ፤ ከተማው ሕንፃው በታሪካዊ ቅርስነት በተከለለ ሠፈር ውስጥ ነው ብሎ ከለከለ። ደብሩ በ1993 የወጣውን የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ጠቅሶ ተከራከረ፤ ጉዳዩም እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1997 ያ ሕግ በግዛቶችና በከተሞች ላይ ተፈጻሚ ሊሆን አይችልም ተብሎ ተወሰነ። ከፍርዱ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው፣ አብዛኛው የቀድሞ ሕንፃ ተጠብቆ ከኋላው በኩል እንዲሰፋ ሆነ። ከሕገ መንግሥት ክርክሩ ጀርባ የነበረው የሥነ ሕንፃ ጥያቄ ነበር፤ በመጨረሻ የፈታውም የሥነ ሕንፃ ንድፍ ነው። ክልከላው የመጣው ከቅርስ ደንብ ከሆነ፣ ጠበቃ ከመቅጠር በፊት ሌላ አማራጭ ንድፍ ማሠራት ብዙ ዓመት ሊያተርፍ ይችላል።

ቁጥሮቻችሁን ቀድማችሁ እወቁ

ከማዘጋጃ ቤት ጋር የሚደረግ ክርክር በአብዛኛው የቁጥር ክርክር ነው። ኮሚቴው ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት፣ በተራ የአምልኮ ቀን ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ በዓመቱ ትልቁ በዓል ዕለት ስንት እንደሚደርስ፣ ስንቱ በመኪና ስንቱ በእግር እንደሚመጣ፣ የድምፅ ማጉያ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የፍሳሽና የውሃ ፍላጎቱ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ገጽ ማስፈር አለበት። በአራት ተከታታይ ሳምንት በር ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው መመደብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከማንም ግምት ይልቅ ግን ይታመናል።

ቁጥርን የማሳነስ ፈተና ትልቅ ነው፤ «ትንሽ ብንል ቶሎ ይፈቅዱልናል» የሚል ሰው ከየኮሚቴው አይጠፋም። ይህ በእኔ እምነት ቤተ እምነቶች ከሚሠሯቸው ስሕተቶች ሁሉ ውድ የሆነው ነው። ለመቶ ሰው የተፈቀደ ቦታ ላይ አራት መቶ ሰው ሲታይ የሚመጣው የእግድ ትእዛዝ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ ማንኛውም ቁጥር እንደ ሌላ ውሸት ይታያል።

በእንግሊዝ ኸርትፎርድሺር ሌችሞር ሂዝ በተባለች መንደር አጠገብ የሚገኘው የሃሬ ክሪሽና (ከሂንዱ እምነት የወጣ እንቅስቃሴ) ቤተ መቅደስ ባክቲቬዳንታ ማነር የተጠመደው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። ቤቱንና ግቢውን በ1973 የሰጣቸው የቢትልስ የሙዚቃ ቡድን አባል የነበረው ጆርጅ ሃሪሰን ሲሆን፣ ቦታው የሥነ መለኮት ኮሌጅ ሆኖ እንዲያገለግል ተፈቅዶ ነበር። በበዓላት ቀን ግን ብዙ ሺህ ሰው በጠባቧ መንደር ውስጥ እያለፈ መምጣት ጀመረ፤ የነዋሪው አቤቱታ ጨመረ፤ የኸርትስሚር ምክር ቤትም በ1987 ግቢው ለሕዝብ አምልኮና ለበዓላት እንዳይውል ትእዛዝ አወጣ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ደርሶ በ1994 ለክርክር አይቀርብም ተብሎ ተመለሰ። ነገሩን የለወጠው ቤተ መቅደሱ መንደሯን ሳይነካ ከዋናው መንገድ በቀጥታ ወደ ግቢው የሚገባ የራሱን መንገድ ለመሥራት ያቀረበው ሐሳብ ነው። ከሕዝባዊ ምርመራ በኋላ የአካባቢ ሚኒስትሩ ጆን ጉመር በ1996 መንገዱንም አምልኮውንም ፈቀዱ። ጎረቤቱን ያስመረረው የመኪናው ሰልፍ ነበርና፣ መልሱም ለሰልፉ የተሰጠ መልስ ሆነ።

ስለዚህ የቅርብ ጎረቤቶችን ማመልከቻው ሳይገባ በፊት ማነጋገር ያስፈልጋል። በስብሰባ ሳይሆን በየቤቱ ሄዶ፣ ንድፉን ዘርግቶ፣ «የሚያስቸግራችሁ የቱ ነው» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከነቀኑ መመዝገብ ይበጃል። ሁሉም አይስማሙም። ሆኖም «ሳይነግሩን ነው የጀመሩት» የሚለው ቃል ከተቃዋሚዎች አፍ ይወሰዳል።

መዝገቡ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። የቢሮው ኃላፊ «ችግር የለም፣ ቀጥሉ» ካለ፣ በዚያው ቀን «ዛሬ በተደረገው ውይይት ሥራውን እንድንቀጥል የተገለጸልን መሆኑን እናሳውቃለን» የሚል አጭር ደብዳቤ ይግባ። ደብዳቤ ሁሉ በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ ተደርጎ፣ በቀሪው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ሊያርፍበት ይገባል። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ደግሞ ማን ምን እንደወሰነ እንጂ ማን ማንን እንደወቀሰ የሚገልጽ አይሁን፤ ያ ቃለ ጉባኤ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላልና።

የመዝገቡ ዋና ዓላማ አስተዳደሩን ምክንያት እንዲሰጥ ማስገደድ ነው። በካናዳ ኩቤክ ላፎንቴን በተባለች መንደር የይሖዋ ምስክሮች ጉባኤ አዳራሽ ለመሥራት የመሬት ምደባው እንዲለወጥላቸው ሦስት ጊዜ ጠይቀው ሦስት ጊዜ ተከለከሉ። በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ አስተዳደሩ ጥናት አድርጎ፣ ምክንያቱንም ዘርዝሮ ነበር። በኋለኞቹ ሁለቱ ላይ ግን ጥያቄውን በሚገባ ሳይመረምርና ምክንያት ሳይሰጥ መለሳቸው፤ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታም የለብኝም አለ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በአምስት ለአራት ድምፅ በሰጠው ውሳኔ የመጀመሪያው ክልከላ ነቀፋ እንደሌለበት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ፍትሐዊ ሥርዓትን የጣሱ መሆናቸውን ገለጸ፤ ማመልከቻውም እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ልብ በሉ፤ ጉባኤው የረታው አስተዳደሩ እምነቱን ይጠላል ብሎ በማሳመን ሳይሆን፣ የጠየቀውንና መልስ ያጣበትን በቀን በቀኑ በማሳየት ነው። የተሰጠውም ፈቃዱ ሳይሆን እንደገና የመታየት መብት ነው። ብዙ ምእመናን «ፍርድ ቤት ይፈቅድልናል» ብለው ስለሚጠብቁ፣ ይህ ልዩነት ከመጀመሪያው ሊነገራቸው ይገባል።

ምክንያት የሌለው ክልከላ ሲደርስ የሚጻፈው ደብዳቤ ከአንድ አንቀጽ መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በቀን … በገቢ ቁጥር … ላቀረብነው ማመልከቻ የተሰጠን መልስ ምክንያት ያልተገለጸበት በመሆኑ፣ ጥያቄያችን ውድቅ የተደረገበት የሕግ ድንጋጌና የፍሬ ነገር ምክንያት፣ እንዲሁም ተስተካክሎ ሊቀርብ የሚችል ጉድለት ካለ ጉድለቱ ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ሕጉ የቱ ነው፣ እውነታው ምንድን ነው፣ መድኃኒቱስ ምንድን ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። አስተዳደሩ ጉድለቱን ከነገራችሁ ታስተካክላላችሁ፤ አልናገርም ካለ ደግሞ ዝምታው ራሱ ማስረጃ ይሆናል። በደብዳቤው ላይ ጥቅስ አትጨምሩ፣ የእምነቱን ታሪክ አትተርኩ፣ «የምእመናን ቁጣ» የሚል ማስፈራሪያ የሚመስል ቃልም አታግቡ።

ሁለተኛው ማመልከቻ

የመጀመሪያው ክልከላ የክርክሩ መጨረሻ መስሎ ቢታይም፣ በብዙ ጉዳዮች ላይ ወሳኙ ሁለተኛው ማመልከቻ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ሳተር አውራጃ አንድ የሲክ (ከሕንድ የተነሣ እምነት) ማኅበር መጀመሪያ በመኖሪያ ሠፈር ቤተ መቅደስ ለመሥራት ጠይቆ፣ በነዋሪዎች የድምፅና የትራፊክ ስጋት የተነሣ ተከለከለ። ማኅበሩ ያንን ተቀብሎ ከሠፈሩ ራቅ ያለ ወደ 29 ኤከር የሚጠጋ የእርሻ መሬት ገዛ፤ ቤተ መቅደሱ ከ75 ሰው በላይ እንዳይዝ ተስማማ፤ አስተዳደሩ ያቀረበለትን የማስተካከያ ግዴታ ሁሉ ተቀበለ። የፕላን ኮሚሽኑ አጸደቀው። የአውራጃው ቦርድ ግን ከሌላው ግንባታ ተነጥሎ የሚቆም ልማት ነው በማለት ሻረው። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006 ለማኅበሩ የፈረደው ሁለቱን ክልከላዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው፤ ከሰው አጠገብ ሲሆን ለሰው ቀርቧል፣ ከሰው ሲርቅ ደግሞ ርቋል የሚባል ከሆነ፣ ማኅበሩ በአውራጃው ውስጥ ሊሠራበት የሚችል ቦታ መኖሩ አጠራጣሪ ይሆናል።

ከዚህ የሚወሰደው ሥራ ግልጽ ነው። ለመጀመሪያው ክልከላ የተሰጡትን ምክንያቶች በአንድ ዓምድ፣ በአዲሱ ማመልከቻ የተሰጠውን መፍትሔ በሌላ ዓምድ አስቀምጡና ሠንጠረዡን ከማመልከቻው ጋር አያይዙት። አስተዳደሩ «ግዴታዎቹን ትቀበላላችሁ ወይ» ብሎ ሲጠይቅ፣ የማትችሉት ካልሆነ በቀር በጽሑፍ «እንቀበላለን» በሉ። የማትችሉት ካለም የማትችሉበትን ምክንያትና ምትኩን አብራችሁ አቅርቡ፤ ምትክ የሌለው እምቢታ ሁልጊዜ ግትርነት ይመስላል።

ልኬቱ ለሁሉም አንድ መሆኑን ማረጋገጥ

አድልዎ ካለ በንግግር ውስጥ ሳይሆን በልኬት ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። በኒው ጀርሲ በርናርድስ ከተማ አስተዳደር የባስኪንግ ሪጅ እስላማዊ ማኅበር በ2012 መስጊድ ለመሥራት አመለከተ። ለ150 ሰጋጆች በታሰበው አዳራሽ ላይ፣ በከተማው ደንብ ለአብያተ ክርስቲያናት በሚሠራበት ለሦስት ሰው አንድ ማቆሚያ በሚለው ስሌት የሚፈለገው 50 የመኪና ቦታ ነበር። የፕላን ቦርዱ ግን ለመስጊድ የተለየ ስሌት ያስፈልጋል ብሎ 107 ጠየቀ። ማቆሚያው ሲጨምር የፍሳሽና የዝናብ ውሃ ንድፉ ይለወጣል፤ ያ ሲለወጥ የግቢው አጥር ይገፋል፤ እንዲህ እያለ ቦርዱ 39 ጊዜ ለጉዳዩ ተሰብስቦ በ2015 መጨረሻ ማመልከቻው ተከለከለ። ማኅበሩ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2016 የመጨረሻ ቀን ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን የተለያየ መለኪያ መጠቀም አድልዎ ነው አለ፤ በ2017 ከተማው መስጊዱን ለመፍቀድና 3.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማውጣት የሚያስፈልገው ትዕግሥት የተሞላበት የቢሮ ሥራ ነው። ባለፉት 10 ዓመታት በአካባቢው ፈቃድ ያገኙ ሌሎች አብያተ እምነቶችን፣ የስብሰባ አዳራሾችን፣ ክበቦችንና ሲኒማ ቤቶችን ፋይል በመረጃ ጥያቄ አስወጡ፤ ለእያንዳንዳቸው የተጠየቀውን ማቆሚያ፣ ከፍታና የመንገድ ርቀት ከእናንተው ጎን ጻፉ። ልዩነት ከሌለ ይህንኑ ማወቃችሁ ከማይረታ ክስ ያድናችኋል። ልዩነት ካለ ደግሞ ማንም ሰው ልብ ውስጥ ምን እንዳለ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ ሠንጠረዡ ይናገራል።

የእምነት ነፃነት መከራከሪያ

የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 18 እምነትን በአምልኮ የመግለጽ ነፃነትን ይጠብቃል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴም በ1993 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 22 አምልኮ ሲባል የአምልኮ ቦታ መገንባትን እንደሚጨምር ገልጿል። ያው አንቀጽ ግን ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሥርዓት፣ ለጤና፣ ለሥነ ምግባርና ለሌሎች መብት ሲባል በሕግ የተደነገገና አስፈላጊ የሆነ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይፈቅዳል። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ «አስፈላጊ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በአሜሪካ ከቦርኒው ፍርድ በኋላ በ2000 የወጣው የሃይማኖት ተቋማት የመሬት አጠቃቀም ሕግም፣ አምልኮን ከባድ ጫና ውስጥ የሚጥል ውሳኔን፣ ከሌሎች መሰብሰቢያዎች ያነሰ አያያዝንና አብያተ እምነትን ከአንድ አካባቢ ጨርሶ ማግለልን ይከለክላል።

መከራከሪያው ወሰን አለው። በግሪክ በአካባቢው የእምነቱ ብቸኛ ተከታይ የነበረ አንድ ሰው በራሱ ቦታ የጸሎት ቤት ለመሥራት የመሬት ምደባው እንዲለወጥለት ጠይቆ ተከለከለ፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2004 የፕላን ሕጉ ለሁሉም እኩል የሚሠራ እስከሆነ ድረስ ክልከላው መብቱን አልጣሰም አለ። ይኸው ፍርድ ቤት በ1996 ግን፣ በቀርጤስ ሄራክሊዮን የአምልኮ ክፍል ተከራይተው ለፈቃድ ያመለከቱት የይሖዋ ምስክሮች ሚኒስቴሩ ውሳኔ ሳይሰጥ ሲያጓትታቸው ከቆየ በኋላ ያለፈቃድ አምልኮ አካሂዳችኋል ተብለው መቀጣታቸውን ኰንኗል። ለሁሉም የሚሠራ ደንብን መቃወም ከባድ ነው፤ ማለቂያ የሌለው «ነገ ተመለሱ» ግን በራሱ ጥሰት ሊሆን ይችላል። ለዚህም እያንዳንዱ «ነገ» ቀን ተጽፎበት መገኘት አለበት።

ከይግባኝ በፊትና በኋላ

የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው በአብዛኛው ውሳኔው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ነው፤ ጊዜውም አጭር ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰበት ዕለት የመጨረሻው ቀን በትልቁ ተጽፎ ይሰቀል። ከኃላፊዎች ጋር የሚደረግ መልካም ውይይት ጊዜውን አያቆመውም። ስንቱ ኮሚቴ «እየተነጋገርን ነው» ሲል ቀኑ አልፎበታል! ይግባኙን አስገቡና ተነጋገሩ።

ሳይፈቀድ ግንባታ መጀመር የማይታሰብ መሆን አለበት። «ከቆመ በኋላ አያፈርሱትም» የሚለው ስሌት ቢሳካ እንኳ ሙሉውን መዝገብ ያበላሻል፤ ሕግ አክባሪ ሆኖ የቆየው ወገን በአንድ ሌሊት የተቀየረ ይመስላል። የምእመናንን ብዛት የምርጫ ኃይል ማድረግም እንደዚሁ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የሕንዳዊው መንፈሳዊ መምህር የራጅኒሽ ተከታዮች በ1981 ወደ 64,000 ኤከር የሚጠጋ የከብት እርባታ መሬት ገዝተው ከተማ ለመሥራት ሲነሡ፣ መሬቱ ለእርሻ የተመደበ ነው የሚል ክርክር ገጠማቸው። እነርሱም በአቅራቢያው ያለችውን የአንቴሎፕን ትንሽ መንደር ምክር ቤት በምርጫ ያዙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዳንድ መሪዎቻቸው የአውራጃውን ምርጫ ለማዛባት በዘ ዳልስ ከተማ ምግብ ቤቶች ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ረጭተው 751 ሰው ታመመ። የመሬት ክርክሩ ምን ያህል ሊረታ የሚችል እንደነበረ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ አልነበረም፤ በ1985 ሠፈሩ ተበተነ። ምሳሌው እጅግ የከፋ መሆኑን አውቃለሁ። የመጀመሪያው እርምጃ ግን፣ ማለትም ፈቃድ የሚሰጠውን አካል ከማሳመን ይልቅ ለመቆጣጠር መነሣት፣ በትናንሽ ቦታዎችም ይታያል።

ስምምነት ሲቀርብ በቃል አትቀበሉ። የሰዎች ብዛት ገደብ፣ የድምፅ ሰዓት፣ የበዓላት ቀናት ብዛት፣ መንገዱን ማን በማን ወጪ እንደሚሠራና አንዱ ወገን ቢጥስ ምን እንደሚከተል በሰነዱ ላይ መስፈር አለበት። የበዓላቱ ቀን በወርና በቀን ቁጥር ሳይሆን በበዓሉ ስም ይጻፍ፤ በጨረቃ አቆጣጠር የሚውሉ በዓላት በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ፣ በቀን የተጻፈ ስምምነት በሁለተኛው ዓመት ዋጋ ያጣል። ፈቃዱ ራሱ ሲሰጥ ደግሞ ሥራ ተቋራጩ ወደ ግቢው ከመግባቱ በፊት ሥራው መጀመር ያለበትን የመጨረሻ ቀንና ከፈቃዱ ጀርባ የተጻፉትን ግዴታዎች አንድ ሰው ጮክ ብሎ ለኮሚቴው ያንብብ፤ ቅጂውም ከመጀመሪያው የክልከላ ደብዳቤ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ።